ቢጫዋ ገመድ

እኔ ነብር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ጅብ ግን አውቃለሁ፤ ደብረ ማርቆስ አምሽቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የዓባይን ቁልቁለትም ፍሬኑ በሚያቃስት አውቶቡስ ወርጄዋለሁ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን ነው ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ። ሳቁ። የሚስቅ ሰው ግን መጀመሪያ አማቱን ሶፋ ላይ አስቀምጦ ቪዲዮ ያሳያቸውና ከዚያ እንነጋገራለን።

አማቴ ቄስ አበጀ ይባላሉ፤ የሚኖሩት ይጁቤ ነው። አማቴ ብቻ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር፤ የንስሐ አባቴም ናቸው። ባለቤቴን የሺን ሳገባ ፍቅር ልቤን ጋርዶት የቀድሞውን የንስሐ አባቴን ተሰናብቼ ወደ እሳቸው ገባሁ። ምክር የሚሰማ ወጣት ካለ ልንገረው፦ ልጁን የሰጠህን ሰውና ኃጢአትህን የምትናዘዝለትን ሰው አንድ አታድርግ። አንዱን ስታስቀይም ሌላው ዘንድ ሄደህ የምታለቅስበት በር ያስፈልግሃል።

ታናሽ ልጃቸው ትርንጎ በጥር ስትዳር ቄስ አበጀ ሠርጉ ላይ አልነበሩም። ዓይናቸውን አሟቸው ጸበል ገብተው ነበርና የሱባኤያቸው ቀን ገና አላለቀም። ቀኑ ይገፋ እንዳይባል የሙሽራው ወገን ጠላውን ጠንስሷል፤ ጠላ ደግሞ እንደ ሰው ታገስ አይባልም። እሳቸውም "ቀኑ አይፍረስ፤ ባለሁበት ሆኜ እመርቃታለሁ" ብለው ላኩ። ትርንጎ ከቤት ስትወጣ የምትስመው ጉልበት ብታጣ፣ የአባቷን አሮጌ ጋቢ ወንበር ላይ አስቀምጣ እሱን ስማ ወጣች። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው ቢኖር ወጥ የሚያወጣው ሰውዬ ብቻ ነው። እሱም ወጡ እንዳይጎድል ተጨንቆ ነው።

ሠርጉን የቀረጸው የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ስማቸው ነበር። ስማቸው ካሜራ አለው፤ ከካሜራው የሚበልጥ ደግሞ ግዴለሽነት አለው። የቀረጸውን ሁሉ በፍላሽ ሰጠኝ፤ እኔም ሳላየው የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። ቄስ አበጀ ከጸበል ወጥተው ወደ እኛ ብቅ ሲሉ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የመጀመሪያውን ከፈትኩላቸው። አንገታቸውን አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አደረጉ።

"ምንድን ናት ይቺ?" አሉ።

"ሠርጉ ነው አባቴ። ያቻትና ትርንጎ።"

"ምነው ልጄን ጉንዳን አሳከልካት? በል እዚያ ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ አውጣልኝ። ጋቢዬን ስማ ወጣች ሲሉኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እሷን ሳላይ አልሞትም።"

እሺ አልኳቸው። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? የሚመጣው እሑድ ቀድሰው ሲወጡ በሚኒባስ እንዲመጡ ተቀጣጠርን።

እንግዲህ ከኮምፒውተር ወደ ቴሌቪዥን ያለው ርቀት እኔ ቤት ውስጥ አንድ ክንድ ነው። ይህን አንድ ክንድ ለመሻገር ግን ሳምንቱን ሙሉ ፈጀሁ። ስማቸው "አንድ ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልግህ" ብሎኝ ነበርና፣ የመሥሪያ ቤቱን ፕሮጀክተር ገመድ ጃኬቴ ውስጥ ጠቅልዬ መጣሁ። የገመዷ ጫፍ አሥራ አምስት ጥርስ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ። የእኛ ቴሌቪዥን ደግሞ ጀርባው ወደኋላ የተገፋ የድሮ ቴሌቪዥን ነው፤ ያሉት ሦስት ክብ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ። አሥራ አምስት ጥርስ ያለውን ነገር ክብ ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል እንደታገልኩ የሺ ትመስክር። እሷማ ቴሌቪዥኑ ላይ የምታነጥፈውን ዳንቴል ይዛ ቆማ "ካልገባ አይገባም፤ በግድ ነው እንዴ?" እያለች ስትገላግለን አመሸች።

ቀጥሎ ወደ ዲቪዲ ማጫወቻው ዞርኩ። ግንባሩ ላይ የፍላሽ መሰኪያ አለው፤ ስንገዛው ሻጩ "ሁሉን ያጫውታል" ብሎ ምሎልናል። ፍላሹን ሰካሁ። ማጫወቻው አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ይህን ዓይነት ፋይል እንደማያውቅ በእንግሊዝኛ ጽፎ ዝም አለ። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። አሁንም አላወቀውም። እፍ ብዬ አቧራውን ካራገፍኩ በኋላ እንኳ ሐሳቡን አልቀየረም።

ሦስተኛው መንገድ ኑሩ ሆነ። ኑሩ ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት አለው፤ የኮምፒውተር ቪዲዮን ማንኛውም ዲቪዲ ማጫወቻ ወደሚያውቀው ዓይነት ይለውጥና ሲዲ ላይ ይጽፋል። ቅዳሜ ፍላሹን ሰጠሁት። እሑድ ረፋድ ላይ ስሄድ ሲዲው ተዘጋጅቶ በወረቀት ኪስ ውስጥ ተቀምጧል።

"ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌልሃለሁ" አለ ኑሩ። "አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይቀጥላል። የሠርጉም አለ፣ የደጀኑም አለ።"

"የምን ደጀን?"

ኑሩ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ወንድሜ፣ የናንተ ጾም እኔን አያገባኝም። እኔ ግን ረመዳንን እንዲያ ባደርገው አባቴ ከዚህ ከተማ ያባርሩኝ ነበር።"

ሲዲውን ከወረቀት ኪሱ አውጥቼ አገላበጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ ከስማቸው ጋር ለሥራ ወደ ደጀን ወጥተን ነበር። ፍልሰታን ታውቃላችሁ፤ ሌላውን ጾም የማይጾም እንኳ ይጾማታል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሟታል። ስማቸው ግን መንገደኛ ጾም የለበትም የሚል ሕግ ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች ወደሚያርፉበት አንድ ቤት ይዞኝ ገባ። በዚያ ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ጥብስ ይሠራል። በላሁ። በልቼ ብቻ ዝም ብል ምን ነበረበት! ቢራም ጠጣሁ፤ ቢራው ላይ ደግሞ ተናገርኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያ ስማቸው ካሜራውን ደቅኖ ይስቅ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ይቀርጻል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ቤቴ ስመለስ ምን አደረግሁ? "ጾሙ ጎዳኝ" አልኩ። የሺ አዘነችልኝ። እስከ ጾሙ ፍቺ በየቀኑ ሱፍ አሽታ፣ አጥልላ፣ ፈትፍታ አበላችኝ። ቄስ አበጀም ፍልሰታን እንዴት ከረምክ ሲሉኝ "እንደ አቅሜ" ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም "ከስተሃል" ብለው አዘኑልኝ፤ ወንድ ልጃቸውንም "እህትህ ያገባችውን ሰው አይተህ ተማር!" ብለው ገሠጹት።

"ደጀኑ የትኛው ላይ ነው?" አልኩት ኑሩን።

"መሃል ላይ መሰለኝ። ወይ ወደ መጨረሻው። የሁሉም ፋይል ስም ቁጥር ብቻ ስለሆነ አላስታውስም።"

"አውጣልኛ!"

ኑሩ የጠቆረውን ኮምፒውተር በአገጩ አሳየኝ። የገበያው ሠፈር መብራት ከሄደ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። በዚሁ መሃል ስልኬ ጮኸ፤ የሺ ናት። "አባዬ ደርሰዋል፤ ምነው ቀረህ?" አለችኝ።

መንገዱን ሁሉ የሄድኩት በእግሬ ይሁን በሌላ ነገር አላውቅም። ሲዲውን ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ "ተበላሸ" ልበል ብዬ ቆምኩ። ድንጋይም መረጥኩ። ግን ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጋቢ ትዝ አለኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ ያሉትም ትዝ አለኝ፤ እጄ እምቢ አለ። ከዚያ የእኛም ሠፈር መብራት ጠፍቶ ባገኘው ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተሳልኩ። ኃጢአትን ለመሸፈን ስለት የሚሳል ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለእናንተ ፍርድ እተወዋለሁ። ቤቴ ስደርስ መብራቱ ቦግ ብሏል። በሳምንት አራት ቀን የሚጠፋ መብራት ነው እኮ የምላችሁ!

ቄስ አበጀ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጉልበት ሳምኩ። "አንተን ይባርክህ፤ እኔን ብለህ ስትንከራተት ሰነበትክ አሉኝ" አሉ። የሚያመሰግንህን ሰው የፈራህ ዕለት ነው ፍርሃትን ያወቅኸው።

ሲዲውን ከትቼ ዘዴዬን አሰላሁ። የመጀመሪያው መከላከያዬ ሪሞት ነው፤ ደጀን ብቅ ስትል ቶሎ አሳልፋታለሁ። የሪሞቱ ባትሪ ደክሞ ነበርና ነክሼው፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ አሙቄው መለስኩት። ሁለተኛው መከላከያዬ ገመዶቹ ናቸው። ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኙት ሦስቱ ገመዶች በአጠገቤ ያልፋሉ፤ ማጫወቻውን በገዛን ሰሞን የገጠመልን ኑሩ ነበርና ምስሉን የምታመጣው ቢጫዋ እንደሆነች ያን ጊዜ ነግሮኛል። የባሰ ቀን ከመጣ ቢጫዋን ምዝዝ ማድረግ ነው። ዋናው ማከፋፈያ ሶኬትማ ያለው ከአማቴ ሶፋ ጀርባ ነው፤ እሱን አላስብም።

ሠርጉ ጀመረ። ሆታ ነው፣ ጭፈራ ነው። የሺ ከአባቷ አጠገብ ቆማ "ይኼ የሙሽራው አጎት ነው፤ ይቺ ሚዜዋ ናት" ትላለች፤ እሳቸው "እሰይ፣ እሰይ" ይላሉ። እኔ የማየው ሠርጉን አይደለም። አንዱ ፋይል አልቆ ሌላው እስኪጀምር ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልማል፤ በዚያች አፍታ የልብ ምቴ ይቆማል። ብርሃኑ ሲመጣ ድንኳን ከሆነ እተነፍሳለሁ። እንዲህ እያልኩ አሥር ጊዜ ያህል ሞቼ ተነሣሁ።

ከዚያ ትርንጎ ነጭ ለብሳ ጋቢው ፊት ተንበረከከች። "አባዬ፣ ይመርቁኝ" አለች በቪዲዮው ውስጥ፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ቄስ አበጀ ከሶፋው ተነሥተው ቆሙ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ቴሌቪዥኑ አማተቡና "ውለጂ፣ ክበጂ፣ ከፊትሽ እሾህ አይቁም" ብለው መረቁ። ጉንጫቸው ረጠበ። እኔም ፍርሃቴን ረስቼ አለቀስኩ። የሺ ፊቷን ይዛ ምሳ ላቅርብ ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ስክሪኑ ጨለመ። ሲበራ የቆመ ከባድ መኪና፣ ቀጥሎ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጭሱ የሚትጎለጎል ሸክላ ጥብስ!

ሪሞቱን ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ፣ መታሁት፣ ነከስኩት፤ ምንም የለም። ካሜራው ከጥብሱ ወደ ላይ፣ ወደ አንድ ሰው እጅ መውጣት ጀመረ፤ ሰዓቱን አይቼ እጁን አወቅሁት። የኔው ነው። ዘልዬ ተነሣሁና ቢጫዋን ገመድ ነቀልኳት። ቴሌቪዥኑ ድርግም ብሎ ጠቆረ።

ዓለም እንዴት ያለች ሰፊ ቦታ ናት! ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ላቤን ጠረግሁ። አሁን ምስሉ የት ሄደ ሲሉኝ ገመዱ ነው እላለሁ ብዬ ጥያቄያቸውን ጠበቅሁ።

ቄስ አበጀ ግን አልጠየቁኝም። ፈገግ እንዳሉ፣ ፊታቸውን ወደ ጥቁሩ ቴሌቪዥን እንዳቀኑ፣ "ሰዉ እንዴት ደምቋል! የሰው መልኩ፣ አለባበሱ!" አሉ።

ወደ ስክሪኑ አየሁ፤ ከሰል ነው። ወደ እሳቸው አየሁ፤ የጠቆረውን ነገር እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለካ ሰውየው አያዩም። ላፕቶፑ ያነሰባቸው ላፕቶፑ ትንሽ ስለሆነ አልነበረም። ጸበሉም አልሠራላቸውም፤ ለማንም አልተናገሩም። እሰይ ይሉ የነበረው የሺ የነገረቻቸውን እየተከተሉ ነው። ያኔ የያዘኝ ፍርሃት ከመጀመሪያው የተለየ ነበር፤ ስለ ራሴ አልነበረም።

ስለ ራሴ የሚሆነውም ወዲያው መጣ። ቢጫዋ ምስሉን ታመጣለች ተባልኩ እንጂ፣ ድምፁን የሚያመጡት ነጯና ቀይዋ መሆናቸውን ማን አሰበ? ከጥቁሩ ስክሪን ውስጥ ጥብሱ ቸስ ቸስ አለ። ብርጭቆ ተጋጨ። ከዚያ የገዛ ድምፄ፣ በቤቱ ሙሉ፣ እንዲህ አለ፦

"ጎድን ጨምሪልን እቱ! ፍልሰታ የሕፃናት ጾም ነው! አማቴ ቄስ አበጀ አሁን ቢያዩኝ እኮ በመቋሚያቸው ወገቤን ይሉኝ ነበር!"

ስማቸው ሲስቅ ይሰማል። እኔም ስስቅ እሰማለሁ፤ ሳቄ ረጅም ነበር።

የሺ ሰሃን ይዛ ከጓዳ ብቅ ብላለች። በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

"ፍልሰታ?" አለች። ቀጥላም፣ "ሱፌን!" አለች። "እጄ እስኪላጥ ያሸሁትን ሱፌን!" ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ አየች። "ደግሞ ምነው ምስሉ ጠፍቷል? አባዬ፣ በጨለማ ነው እንዴ የሚያዩት?"

መቋሚያውን የያዙት የቄስ አበጀ ጣቶች ጠበቅ አሉ።

"ጠፍቶ ነበር?" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ አባቴ" አልኩ። "እኔ ነኝ የነቀልኩት።"

እኔ የመቋሚያውን ጫፍ አያለሁ፤ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው እያልኩ ወገቤን አዘጋጃለሁ።

"እንግዲያማ ሁለታችንም ተያዝን" አሉ።

የሺ ሰሃኑን መሬት አስቀምጣ ከአባቷ እግር ሥር ተቀመጠች። "ምን ያህል ነው የማይታይዎት? ለምን አልነገሩንም?"

"ፈራሁ ልጄ። ካወቁ መቅደስ አትግባ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ቅዳሴውንስ በቃሌ እላለሁ፤ ደረጃውን ቆጥሬ እወጣለሁ፤ ማን ያውቅብኛል አልኩ። ሰው ሲፈራ እንዲህ ነው፤ ይዋሻል።" ፊታቸውን እኔ ወዳለሁበት አዞሩ፤ ትንሽ ስተውኝ ከጎኔ ያለውን ግድግዳ አዩ። "አንተ ደግሞ፣ ዛሬ ስንት ነገር አሳየኸኝ፤ ከሁሉም እንደዚች እንደ መጨረሻዋ አጥርቼ ያየሁት የለም።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ጥብሱንም፣ ቢራውንም፣ "እንደ አቅሜ" ያልኩትንም ዘረዘርኩ። መቋሚያው ወገቤ ላይ አላረፈም፤ እጃቸው ግን ራሴን ፈልጎ አገኘው።

"ስግደትህን ኋላ እሰጥሃለሁ፤ ቀላል እንዳይመስልህ" አሉ። "ሰኞ ደግሞ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይዘኸኝ ትሄዳለህ፤ እኔም አልፈራም፣ አንተም አትዋሽ። አሁን ገመድህን መልስና ከመጀመሪያው ጀምርልኝ። የምታየውን ሁሉ ንገረኝ፤ የወደድከውን መርጠህ አይደለም፣ ያለውን ሁሉ።"

ቢጫዋን ሰካሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የድንኳኑን ቀለም፣ የሚዜዎቹን ከረባት፣ ወጥ የሚያወጣውን ሰውዬ ጭንቀት ሳይቀር ነገርኳቸው። ትርንጎ ስትንበረከክ "የትኛውን ጋቢ ነው?" አሉ። "ጫፉ የተተለተለውን" ስላቸው፣ "እሱን! ምነው ደህናውን ብታወጣ!" ብለው እየሳቁ አለቀሱ።

ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። እጄ ወደ ገመዱ ሄደ።

"ምን መጣ?" አሉ።

"ሌላ ነው አባቴ። ማጫወቻውን ላጥፋው?"

"ምን ይታያል?"

የሺን አየኋት፤ እጆቿን አጣጥፋ ትጠብቃለች። ማምለጫ የለም።

"አንድ ሰው ይታያል" አልኩ።

"ምን ያደርጋል?"

"ይበላል።"

"ፊቱስ? ደስ ብሎታል?"

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የራሴን ፊት ያየሁት። አፌ ይጮኻል፣ አፌ ይስቃል፤ ዓይኖቼ ግን በየጉርሻው ወደ መጋረጃው ይሮጣሉ፣ ተመልሰው ደግሞ ይሮጣሉ።

"የለም አባቴ" አልኩ። "ይፈራል።"

ቄስ አበጀ ወደ ሶፋው ተደገፉ። "ከፈራስ ሰው ይወጣዋል" አሉ። "በል ቀጥል።"

ሰኞ ሐኪም ቤት ሄድን፤ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተባለ። ስግደቴንም ጉልበቴ እስኪላላጥ ሰግጄ ጨረስኩ። የሺ ግን የንስሐ አባት አይደለችምና ይቅርታዋ ዘገየ፤ ሁዳዴ ገብቶ እስኪወጣ ሱፍ የፈተፈተልኝ ሰው የለም።